የጃዝ ሳክስፎን የዕለት ልምምድ፦ አራት አካሄዶች ሲመዘኑ

የምኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከእኔ በታች ያሉት እማማ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደረጃውን ወጥተው በሬን አንኳኩ። ሎንግ ቶን እየነፋሁ ነበር፤ አንድ ኖታ ይዞ ትንፋሽ እስኪያልቅ ማቆየት ማለት ነው። ሊቆጡ መስሎኝ ቴነር ሳክስፎኔን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ከፈትኩላቸው። «ልጄ፣ ያ ነገር ተበላሽቶብህ ነው? ከጠዋት ጀምሮ አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚያወጣው» አሉኝ። ልምምድ መሆኑን ነገርኳቸው። «እሱስ ደግ ነው፤ ግን ዘፈን የለውም?»

ያን ጊዜ አሳቁኝ። ማታ ላይ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። በዚያን ወቅት በቀን ሁለት ሰዓት ገደማ እነፋ ነበር። ስኬሎቹን (የድምፅ መሰላሎቹን) አውቃቸዋለሁ፣ ጣቴም ይሮጣል። ጃም ላይ (ሙዚቀኞች ተሰባስበው ያለ ዝግጅት በሚጫወቱበት) ወጥቼ ባለ 12 ባር (የምት ክፍል) ብሉዝ ሲጀመር ግን ሁለት ዙር ተጫውቼ ሦስተኛው ላይ የምለው ያልቅብኝ ነበር። ቤት የምሠራውና መድረክ ላይ የምጠየቀው አልተገናኙም። ጥፋቱ የሰዓት ማነስ ሳይሆን የሰዓቱ አሞላል ነበር።

እዚህ ላይ ነው ግራ መጋባቱ የሚጀምረው። አንዱ «ሰዓትህን ከፋፍለህ ሁሉንም ንካ» ይላል፤ ሌላው «አንድ ዜማ ይዘህ ሙጥጥ አድርገህ አውጣው»፤ ሦስተኛው «ሌላውን ተወው፣ የጌቶችን ሶሎ፣ የብቻ ጨዋታቸውን፣ ቅዳ»፤ አራተኛው «ቅዳሜ እንገናኝ»። አራቱንም ሞክሬያለሁ። አንዳንዱን በትክክል፣ አንዳንዱን ሳላውቀው።

ስለ 15 ሰዓቱ ጉዳይ አስቀድሜ

ስለ ልምምድ ሲወራ የአሜሪካዊው የሳክስፎን ጌታ የቻርሊ ፓርከር ቁጥር መነሳቱ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1954 ሳክስፎኒስቱ ፖል ዴዝመንድ ሬዲዮ ላይ ሲጠይቀው፣ ለሦስት ወይም ለአራት ዓመት ያህል በቀን ከ11 እስከ 15 ሰዓት ይለማመድ እንደነበር ተናግሯል። በዚያው ጭውውት ጎረቤቶቹ ጩኸቱ ሰልችቷቸው እናቱን ከሰፈር ልቀቂ ሊሏት ደርሰው እንደነበርም አንስቷል። ቴነር ተጫዋቹ ሶኒ ሮሊንስም እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1961 ድረስ ከመድረክ ርቆ ኒውዮርክ ውስጥ ዊሊያምስበርግ ድልድይ ላይ ነው ሲነፋ የከረመው። የሰፈሩ ሰው፣ በተለይም አንዲት ነፍሰ ጡር ጎረቤቱ፣ እንዳይረበሹ ብሎ ነው ድልድዩን የመረጠው።

የእማማ ጉዳይ ዓለም አቀፍ እንደሆነ ሳውቅ ተጽናናሁ። ሰዓቱን ግን አትከተሉ። ፓርከር ያን ሁሉ ሰዓት ሲነፋ ገና ልጅ ነበር፣ ቀኑም የራሱ ነበር። ከእሱ የሚወሰደው ሌላ ነገር ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1937 ክረምት አሜሪካ ውስጥ ኦዛርክ ተራሮች አካባቢ ለሥራ ሲሄድ የቴነር ተጫዋቹን የሌስተር ያንግን ሶሎዎች የያዙ ሸክላዎች ይዞ ሄዶ በጆሮው እያወጣ አጥንቷቸዋል። እዚህ ላይ ዋናው የምን ያህሉ ሳይሆን የምኑ ነገር ነው።

መመዘኛዎቹ

አካሄዶቹን ከማየታችን በፊት በምን እንደምንለካቸው እንስማማ። እኔ አምስት ነገር አያለሁ።

የመጀመሪያው ከንፈር ነው። ሳክስፎን የሚነፋው በሳንባ ብቻ አይደለም፤ ማውዝፒሱን (ከንፈር የሚያርፍበትን ጫፍ) ዙሪያውን የሚይዙት የአፍ ጡንቻዎች ይደክማሉ። ጀማሪ 30 ወይም 40 ደቂቃ ሲሆነው ሳያውቀው በታችኛው መንጋጋ መንከስ ይጀምራል። ያን ጊዜ ድምፁ ይቀጥናል፣ ቃናውም ወደ ላይ ይሸሻል። ከዚያ በኋላ የሚነፋው ሁሉ መጥፎ ልማድን ማጠናከር ነው። አካሄዱ ለከንፈር እረፍት ይሰጣል ወይ?

ሁለተኛው ድምፅ የሚፈቀድበት ሰዓት ነው። ሳክስፎን እንደ ትራምፔት አፉ ላይ፣ ሰፊው የድምፅ መውጫው ላይ፣ ማፈኛ ተደርጎለት ዝም አይልም። ድምፁ የሚወጣው በጎን ካሉት ቀዳዳዎችም ጭምር ስለሆነ፣ አፉ ውስጥ ጨርቅ ብትጠቀጥቁ የታችኞቹን ጥቂት ኖታዎች ታበላሻላችሁ እንጂ ጎረቤት አይተኛም። ስለዚህ በቀን ስንት ሰዓት ጊዜ አለኝ ከማለት በፊት፣ በቀን ስንት ሰዓት መጮህ እችላለሁ ማለት ይቀድማል። ሁለቱ በፍጹም አንድ አይደሉም።

ሦስተኛው፣ የለመዳችሁት ነገር ከሰው ጋር ስትጫወቱ ይወጣል ወይ የሚለው ነው። ጃዝ ላይ ትልቁ መመዘኛ ይህ ይመስለኛል።

አራተኛው ሲቋረጥ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ልቅሶ አለ፣ ሰርግ አለ፣ የሥራ ጫና አለ፣ ሁለት ቀን የጠፋ መብራት አለ። አንድ ቀን ሲዘለል ጠቅላላው የሚፈርስ ፕሮግራም ወረቀት ላይ ብቻ ነው የሚያምረው።

አምስተኛው ገንዘብ ነው። ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

አንደኛው አካሄድ፦ በደቂቃ የተከፋፈለ

በጣም የታወቀው ይህ ነው። አንድ ሰዓት አለ እንበል፦ 10 ደቂቃ ሎንግ ቶንና ኦቨርቶን፣ 15 ደቂቃ ስኬልና አርፔጅዮ (የኮርድን ድምፆች አንድ በአንድ መንፋት)፣ 15 ደቂቃ የኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) ሽግግር፣ 20 ደቂቃ ዜማ። ኦቨርቶን ላልሞከረው፦ የታችኛውን ቢ ፍላት ጣት ይዛችሁ፣ ጣታችሁን ሳታነሱ፣ በጉሮሮና በምላስ አቀማመጥ ብቻ ከላዩ ያለውን ቢ ፍላት፣ ቀጥሎ ኤፍን፣ ቀጥሎ ሌላ ቢ ፍላት ማውጣት ነው። አሰልቺ ነው፤ ግን ለድምፅ ጥራት ከእሱ የሚበልጥ አላየሁም።

የዚህ አካሄድ ጥቅሙ ምንም ነገር አለመረሳቱ ነው። ለጀማሪ ደግሞ የሚሠራውን የሚነግረው ሰው እንደማግኘት ነው። ከንፈርም አይጎዳም፤ በክፍሎቹ መሃል ሁለት ሁለት ደቂቃ ሳክስፎኑን ማስቀመጥ ይቻላል።

ጉዳቱ ሁለት ነው። አንዱ፣ ነገሩ ገና ሊገባችሁ ሲል ደወሉ ይጮሃል። ሌላው፣ እኔን የጎዳኝ፣ ሰዓት ሲያጥር ሁልጊዜ የሚቆረጠው የመጨረሻው ክፍል መሆኑ ነው። የመጨረሻው ክፍል ደግሞ ዜማው ነው። ለወራት ያህል ስኬሌ ሲጠራ ዜማዬ በሳምንት አንዴ ብቻ ይደርሰው ነበር። እማማ ትክክል ነበሩ፤ ዘፈን አልነበረውም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ በሳምንት ሁለት ቀን ቅደም ተከተሉን መገልበጥ። አምስት ደቂቃ ከንፈር አሙቁና በቀጥታ ወደ ዜማው ግቡ፤ ስኬሉ ከተረፈ ሰዓት ይብላ።

ሁለተኛው አካሄድ፦ አንድ ዜማ ለሁለት ሳምንት

እዚህ ሰዓቱን የሚያዋቅረው ዜማው ነው። ስኬሉም፣ ኮርዱም፣ ሎንግ ቶኑም ከዜማው ይወጣሉ። ለምሳሌ የኤፍ ብሉዝ ያዙ። ለሳክስፎን የሚጻፈው ኖታ ከፒያኖው ስለሚለይ፣ ፒያኖው ኤፍ ሲል አልቶ (ከቴነር የሚያንሰው ሳክስፎን) ዲ ይላል፣ ቴነር ጂ ይላል፤ ይህን መጀመሪያ ጭንቅላት ውስጥ ማስገባት ነው፤ መድረክ ላይ ቆሞ መቁጠር ያሳፍራል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ዜማውን ያለ ወረቀት፣ በዝግታ። ሎንግ ቶናችሁ የዜማው ኖታዎች ይሁኑ። በሦስተኛው ቀን የኮርዶቹን መሠረት ብቻ ንፉ፤ ልክ ቤዝ እንደምትጫወቱ። ከዚያ ወደ የኮርዶቹ ሦስተኛና ሰባተኛ ድምፆች ግቡ። ይህችን ቆም ብዬ ላሳያችሁ፤ ትልቁ ለውጥ የመጣልኝ ከእሷ ነው።

ሁለት-አምስት-አንድ የሚባለውን የጃዝ እንጀራ፣ የሦስት ኮርዶች ቅደም ተከተሉን፣ ውሰዱ፤ ዲ ማይነር ሰባት፣ ጂ ሰባት፣ ሲ ሜጀር ሰባት። የዲ ማይነር ሦስተኛው ኤፍ ነው፣ ሰባተኛው ሲ። የጂ ሦስተኛው ቢ፣ ሰባተኛው ኤፍ። የሲ ሜጀር ሦስተኛው ኢ፣ ሰባተኛው ቢ። አሁን መንገዳቸውን ተከተሉ፦ ሲ ግማሽ ድምፅ ወርዶ ቢ ይሆናል፣ ኤፍ ባለበት ይቆያል፤ ቀጥሎ ኤፍ ወርዶ ኢ ይሆናል፣ ቢ ባለበት ይቆያል። ጣታችሁ በአንድ ጊዜ የሚያንቀሳቅሰው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፣ ሰሚ ግን ሦስቱንም ኮርዶች ይሰማል። አጃቢ ሳይኖር ብቻችሁን ስትነፉት እንኳ ሐርመኒው ይታወቃል። ስኬል ወደ ላይ ወደ ታች በመሮጥ ይህን አታገኙም።

በሁለተኛው ሳምንት ኢምፕሮቫይዜሽን (እዚያው እየፈጠሩ መጫወት) በገደብ ይሁን። አንድ ቀን ሦስት ኖታ ብቻ ተጠቀሙ። አንድ ቀን በየባሩ የመጀመሪያ ምት ላይ ዝም በሉ። ሜትሮኖሙን (ምት መቁጠሪያውን) በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርጉና እያንዳንዱን ምት ሁለተኛውና አራተኛው ምት ነው ብላችሁ ቁጠሩ፤ ያኔ በ120 እየተጫወታችሁ ነው ማለት ነው፣ ሜትሮኖሙም እንደ ድራመር ሃይሃት (በእግር እንደሚመታው ጥንድ ሳህን) ሆነላችሁ። መጀመሪያ ላይ ምቱ ይገለበጥባችኋል፣ ሳታውቁት አንድና ሦስት ላይ ታርፋላችሁ። ቁሙና እንደገና ጀምሩ።

ይህ አካሄድ ሲቋረጥ አይፈርስም፤ ከሦስት ቀን በኋላ ብትመለሱ ዜማው የቆመበት ይጠብቃችኋል። ጉድለቱ ዜማው የማይጠይቃችሁን ነገር አለማስተማሩ ነው። ሦስት ብሉዝ ተከታትሎ የያዘ ሰው ኤፍ ሻርፕ ሜጀር ላይ ሲደርስ ጣቱ ይተሳሰራል። ስለዚህ የዜማ ምርጫው ራሱ ዕቅድ ይፈልጋል፦ አንድ ብሉዝ፣ አንድ ባለ 32 ባር ዜማ፣ አንድ ቀስ ያለ ባላድ፣ አንድ የቅኝት ዜማ።

ሦስተኛው አካሄድ፦ በጆሮ ማውጣት

አገራችን ውስጥ የዚህ መንገድ ትልቁ ምስክር ጌታቸው መኩሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ያረፈው ይህ ሰው በክራርና በመሰንቆ ጀምሮ ወደ ክላርኔትና ሳክስፎን የመጣ ነው። ሽለላና ፉከራን፣ ማለትም የሰውን ጉሮሮ፣ ወደ ቴነር አስገባው። የድምፁ መንቀጥቀጥ፣ ቃሉ መሃል ላይ የሚሰበርበት ቦታ፣ ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ ሁሉ እዚያ ሳክስፎን ውስጥ አለ። አሜሪካውያኑ ነፃ ጃዝ ብለው የሰየሙት ጩኸት ከመሰማቱ በፊት እሱ በራሱ መንገድ እዚያው አካባቢ ነበር ብለው የሚከራከሩ ብዙ ናቸው። ክርክሩን ለእነሱ ልተውና፣ አሠራሩን ልብ በሉት፦ የወደደውን ድምፅ ሰምቶ በመሣሪያው አወጣው።

አንድ ምሽት የሠራሁት እንዲህ ነው። ከአንድ የቆየ ሽለላ አራት ባር የሚሆን ቁራጭ መረጥኩ። ሳክስፎኑን አላነሳሁም። አሥር ጊዜ ያህል ሰማሁት፤ ከዚያ ከቀረጻው ጋር አብሬ አዜምኩት፤ ከዚያ ያለ ቀረጻው። ሦስተኛው ሐረግ ላይ ሁልጊዜ ድምፄ ይጠፋል። ያ ማለት አልሰማሁትም ማለት ነው፤ ጣት ላይ የሚታየው ስህተት ብዙ ጊዜ የጆሮ ስህተት ነው። ስልኬ ላይ ፍጥነቱን ወደ ግማሽ አወረድኩና ያቺን ቦታ ብቻ ደጋገምኩ። ሁለት ኖታ መስሎኝ የነበረው አንድ ኖታ ነበር፤ ከታች ተንሸራቶ የገባ። ያኔ ነው ሳክስፎኑን ያነሳሁት። የመጀመሪያውን ኖታ ፍለጋ ሦስት ሙከራ ወሰደ፣ ቀሪው በራሱ መጣ። ጠቅላላ 25 ደቂቃ፣ አራት ባር። ግን ያን አራት ባር ዛሬም አልረሳሁትም።

በእኔ ግምት ከአራቱ አካሄዶች ፈጥኖ ቋንቋ የሚያስይዘው ይህ ነው። ሎንግ ቶን ድምፅ ይሰጣል፣ ስኬል ፊደል ይሰጣል፣ የሚናገር ሰው ሳይሰሙ ግን መናገር አይለመድም። ሌላ ጥቅምም አለው፦ ግማሹ ሥራ ዝምታ ነው። መስማትና በለሆሳስ ማዜም ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይም ይቻላል።

ችግሩ ትዕግሥት ማስጨረሱ ነው። ከባድ ሶሎ መርጦ የጀመረ ሰው በሦስተኛው ቀን ይተዋል። ሌላው ወጥመድ ወረቀት ላይ ጽፎ መርካት ነው። ተጽፎ የተቀመጠ ሶሎ መሳቢያ ውስጥ ያለ ገንዘብ ነው፤ ተጫውታችሁት፣ በሌላ ቁልፍ፣ ማለትም ከሌላ መነሻ ድምፅ፣ ሞክራችሁት፣ መጨረሻውን ቀይራችሁ የራሳችሁ ካላደረጋችሁት አትጠቀሙበትም። ለገደብ ያህል በሳምንት ከ8 ባር በላይ አትቅዱ።

አራተኛው አካሄድ፦ ቅዳሜና እሁድን ሙሉ

ሳምንቱን ሠርቶ ቅዳሜ አራት ሰዓት መንፋት። በአጭሩ ልናገር፦ ለጀማሪ አልመክረውም። ከንፈር የሚጠነክረው በየቀኑ ጥቂት ሲሠራ ነው፤ ቅዳሜ ከሁለተኛው ሰዓት በኋላ የምትነፉት በንክሻ ነው። ቅዳሜ ተምራችሁት ሳምንቱን ሙሉ ያልነካችሁት ነገር በሚቀጥለው ቅዳሜ ከዜሮ ይጀምራል። የቆየ ተጫዋች ግን የያዘውን እንዳይጥል ይረዳዋል፤ በተለይ ቅዳሜ ከቡድን ጋር ከሆነ። ከ45 ደቂቃ በኋላ 15 ደቂቃ እረፍት ይኑር። በጠባብ ክፍል ውስጥ ሳክስፎን በቀላሉ ከ90 ዴሲቤል በላይ ስለሚወጣ ለጆሮም ማሰብ ነው፤ የጆሮ መድፈኛ ማድረግ የሚያሳፍር አይደለም።

በአንድ ገጽ

| መመዘኛ | በደቂቃ የተከፋፈለ | አንድ ዜማ ለሁለት ሳምንት | በጆሮ ማውጣት | ቅዳሜና እሁድ |
|---|---|---|---|---|
| ለከንፈር | ጥሩ፣ እረፍት ካለ | ጥሩ | በጣም ጥሩ፣ ግማሹ ያለ መንፋት ነው | መጥፎ |
| የሚጮህበት ጊዜ በቀን | ከ45–60 ደቂቃ | ከ30–60 ደቂቃ | ከ15–30 ደቂቃ | ከ3–4 ሰዓት፣ በአንድ ቀን |
| መድረክ ላይ መውጣቱ | ደካማ፣ ዜማው ከተቆረጠ | ጠንካራ | ጠንካራ፣ ወደ ሌላ ቁልፍ ከተወሰደ | ከቡድን ጋር ከሆነ መካከለኛ |
| ሲቋረጥ | ይፈርሳል | ይጠብቃል | ይጠብቃል | አንድ ሳምንት ሙሉ ይጠፋል |
| ወጪ | አስተማሪ ቢኖር ይመረጣል | አጃቢ ቀረጻ፣ ስልክ | ስልክና ጆሮ | የመለማመጃ ክፍል ኪራይ ሊኖር ይችላል |
| ለማን | እስከ አንድ ዓመት ጀማሪ | ከሰው ጋር መጫወት ለሚፈልግ | ቴክኒክ ኖሮት ቃል ለጠፋው | የያዘውን ለመጠበቅ |

እንግዲህ የትኛው ለማን

ሳክስፎን ከያዛችሁ ዓመት ካልሞላችሁ የመጀመሪያውን ያዙ፤ ግን የዜማውን ክፍል ወደ መሃል አምጡት። መጨረሻ ላይ አታስቀምጡት፤ ምን እንደሚሆን ነግሬያችኋለሁ።

ሥራ ውላችሁ ማታ 30 ደቂቃ ብቻ ካላችሁ፣ ሁለተኛውን በሦስተኛው አጣፍጡት። አምስት ደቂቃ ሎንግ ቶን በዜማው ኖታዎች፣ 15 ደቂቃ ዜማው፣ 10 ደቂቃ ሁለት ባር በጆሮ ማውጣት። መንገድ ላይ ያለውን ጊዜም አትናቁት። ታክሲ ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ሶሎ መስማት፣ ጣትን ጉልበት ላይ ማንቀሳቀስ፣ የኮርዶቹን ስም በልብ መቁጠር፤ ይህ ሁሉ ድምፅ የሌለው ልምምድ ነው፣ ማታ ሳክስፎኑን ስታነሱ ልዩነቱ ይታወቃል።

ዋሽንግተንም ሆነ ፍራንክፈርት አፓርታማ ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ ገዢው መመዘኛ ሁለተኛው፣ ድምፅ የሚፈቀድበት ሰዓት፣ ነው። ልብስ የሞላበት ቁም ሳጥን ከፍቶ አፉን ወደ ልብሱ አዙሮ መንፋት ጥቂት ይረዳል። መኪና ያለው ሰው የቆመ መኪና ውስጥ ይነፋል፤ ለቴነር ይጠባል፣ አልቶ ግን ይገባል። ደግሞም ጎረቤትን ሄዶ «ከ11 ሰዓት እስከ 11 ተኩል እነፋለሁ፣ ይቸገራሉ?» ብሎ መጠየቅ ከሁሉም ርካሽ መፍትሔ ነው። ሰው የሚናደደው መቼ እንደሚያበቃ ሳያውቅ ሲቀር ነው።

ልባችሁ ኢትዮ-ጃዝ ላይ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ሙላቱ አስታጥቄ ያደረገው ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶቻችንን ከባለ 12 ድምፁ ሐርመኒ ጋር ማስታረቅ ነው፤ እናም አንዱን ብቻ መለማመድ አያዋጣም። ሁለት-አምስት-አንድ ብቻ የሚያውቅ ሰው አንቺሆዬ ላይ ሲደርስ እንግዳ ነው፤ ከሲ ስትነሳ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ናት፤ የለመደው አምስተኛ ድምፅ፣ ጂ፣ የለም። ትዝታ ሜጀር በአንጻሩ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ስለሆነች ሜጀር ኮርድ ላይ ያለ ጠብ ትቀመጣለች። ስለዚህ የስኬል ጊዜያችሁ ውስጥ በሳምንት አንድ ቅኝት፣ ከአሥራ ሁለቱም መነሻ። ከሜጀር ስኬል የተለየ ርቀት ስለሚዘል ጣትን ያነቃል፤ ጥቅሙ ለኢትዮ-ጃዝ ብቻ አይደለም።

ገንዘቡ

ሜትሮኖም፣ ቱነር (የቃና መለኪያ)፣ ፍጥነት ማውረጃ ሁሉም ስልክ ላይ በነፃ አሉ። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር አጃቢ ቀረጻዎችን አውርዶ ማስቀመጥ ነው። እውነተኛው ወጪ ሪድ ላይ ነው፤ ማውዝፒሱ ላይ ታስሮ የሚርገበገበው ቀጭን የሸምበቆ ምላስ ማለት ነው። አንዱን ሪድ እስኪሞት መንፋት ቁጠባ ይመስላል፤ አይደለም። ሦስት ወይም አራት ሪድ ቁጥር ጽፎባቸው በየቀኑ ማቀያየር ሁሉንም ያቆያቸዋል። በበጋ ደረቅ አየር ሪዱ ማውዝፒሱ ላይ ተረስቶ ካደረ ይጣመማል፤ ጠፍጣፋ መያዣ ውስጥ ይደር። ጀማሪ ከሁለት ተኩል ቁጥር (የሪዱ ጥንካሬ ነው) በላይ አይቸኩል።

ገንዘብ ካለ ወደ አስተማሪ ይሂድ፤ በየሳምንቱ ባይቻል በወር አንዴ። መጀመሪያ ግን መሣሪያው ይታይ። እኔ ሦስት ወር ሙሉ የታችኞቹ ኖታዎች እንቢ ብለውኝ «ከንፈሬ ደካማ ነው» ስል ከረምኩ። ሎንግ ቶን ጨመርኩ፣ ሪድ ቀየርኩ፣ ቁመናዬን አስተካከልኩ። አንድ የድሮ ተጫዋች ክፍሉን አጨልሞ ትንሽ መብራት ሳክስፎኑ ውስጥ ሲከት፣ አንዱ ፓድ (ቀዳዳውን የሚደፍነው ልባስ) ጠርዝ ላይ ብርሃን ቀጭን ክር ሆኖ ወጣ። አየር እያፈሰሰ ነበር። ፓዱ በተቀየረ ዕለት የታችኛው ቢ ፍላት በመጀመሪያው ትንፋሽ መጣ። በዚያ ሦስት ወር የሠራሁት ልምምድ አብዛኛው ቀዳዳን መታገል ነበር።

ከጀመራችሁ በኋላ

የመረጣችሁትን ለስድስት ሳምንት አትቀይሩት። በሳምንት አንድ ቀን፣ ተመሳሳይ ቀን፣ ስልካችሁን ሁለት ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ ከሳክስፎኑ አፍ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ገለል አድርጋችሁ አስቀምጡና አንድ ዙር ብቻ ቅረጹ። ወዲያው አትስሙት፤ በማግስቱ ስሙት። ያን ዕለት የሚሰማችሁ የሞከራችሁት ነው፤ በማግስቱ የሚሰማችሁ የወጣው ነው።

እኔ አሁን ሁለተኛው አካሄድ ላይ ነኝ፣ ጠዋት ጠዋት 40 ደቂቃ። የዚህን ሁለት ሳምንት ዜማ የመረጡት እማማ ናቸው፤ ደረጃ ላይ ተገናኝተን «አምባሰልን ትችላታለህ?» አሉኝ። እችላለሁ አልኳቸው። ቴነሬ ላይ ከዲ ሳነሳት ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ ፍላት ናት። ከዲ ወደ ኢ ፍላት ስሄድ የቀኝ እጄ ትንሽ ጣት ሁልጊዜ ትዘገያለች። ትናንት ሜትሮኖሙን 50 ላይ አድርጌ ያቺን አንዲት እርምጃ ብቻ አሥር ደቂቃ መላለስኳት። እስካሁን አላንኳኩም።